ሳይቃጠል በቅጠል፤ በዐማራት አውቶሞቢሎች ውስጥ ስለሚሰማው የቤንዚን ሽታ

በቤቱ ውስጥ ጭስ የሸተተው ሰው ምድጃውን ሳያይ አይተኛም። በአውቶሞቢሉ ውስጥ ቤንዚን የሸተተው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ምክንያቱን ቢጠይቁት «መኪናው አርጅቷል፤ ያረጀ መኪና መሽተቱ አይቀርም» ይላል፤ ወይም «ዛሬ ጧት ስለ ተቀዳለት ነው» ብሎ ነገሩን ያቀለዋል። ይሁን እንጂ ቤንዚን ከተዘጋበት ቦታ ካልወጣ በቀር አይሸትም። ሽታው ከተሰማ አንድ የላላ፣ የተሰነጠቀ ወይም የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። ይህም ነገር በጊዜው ቢያዝ በአንዲት ፋሸታ ወይም በአንድ ክንድ ጎማ የሚድን ሲሆን፣ ችላ ቢባል ግን መኪናውን ከነጭነቱና ከነተሳፋሪው እስከማጥፋት ይደርሳል።

ጉዳዩ በየትም አገር የሚያሳስብ ቢሆንም፣ እንደ ካርቱም ባለ የሐሩር ከተማ ይበልጥ ያሳስባል። ዐማራት ከካርቱም መካከል በስተ ደቡብ የሚገኝ ሰፈር ነው። በስተ ምሥራቁ የአፍሪካ ጎዳና ከአይሮፕላን ማረፊያው ይለየዋል፤ በስተ ምዕራቡ የመሐመድ ነጊብ ጎዳና ያልፋል። በመካከሉ የሚያቋርጡት መንገዶች በስም ሳይሆን በቍጥር የሚጠሩ ናቸው። ከጦርነቱ በፊት ኤምባሲዎች፣ የንግድ ኩባንያዎችና የርዳታ ድርጅቶች ጽሕፈት ቤታቸውን ያደረጉበት ሰፈር ስለ ነበረ፣ በየመንገዱ ዳር የሚቆመው አውቶሞቢል ብዙ ነበር። ከመሐመድ ነጊብ ጎዳና ማዶ በሚገኘው በደይም ሰፈርም ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩ ነበር።

በካርቱም የግንቦት ወር የቀን ሙቀት በአማካይ ወደ 42 ዲግሪ ይደርሳል። በፀሓይ ላይ ተዘግቶ የዋለ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በደጋ አገር ለወራት ሳይታወቅ የሚኖር ጥቂት ቀዳዳ፣ በዚህ ሙቀት በአንድ ቀን ሽታውን ያወጣል።

የቤንዚን ጠባይ

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል። በእሳት የሚያያዘውም ፈሳሹ ሳይሆን ይኸው ተን ነው። ተኑ ከአየር 3 ወይም 4 እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንም፤ ወርዶ በወለሉ ላይ ይነጠፋል፣ በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ በበር ሥር ሾልኮ ወደሚቀጥለው ክፍል ይገባል። በዐማራት ቤቶች እንደሚታየው መኪናው በግቢው ውስጥ አድሮ በአጠገቡ የመብራት ጄኔሬተር የሚነሣ ከሆነ፣ ተኑ ራሱ እሳቱን ፈልጎ ይሄዳል ማለት ነው።

በአየር ውስጥ ያለው የቤንዚን ተን ከመቶው 1.4 እጅ ሲደርስ መቀጣጠል ይጀምራል፤ ከ7.6 እጅ ሲያልፍ ደግሞ አየሩ ስለሚያንሰው አይቀጣጠልም። የሰው አፍንጫ ግን ከሚሊዮን አንድ እጅ የማይሞላውን ተን እንኳ ለይቶ ያውቃል። ስለዚህ አፍንጫ አደጋው ከመድረሱ እጅግ ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ዘበኛ ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ይኸውም ቶሎ መልመዱ ነው። በሚሸት መኪና ውስጥ ጥቂት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል። ሾፌሩ «ምንም አይሸተኝም» ሲል ውሸቱን አይደለም፤ አፍንጫው ለምዶ ነው። ስለዚህ ከውጭ መጥቶ በሩን የሚከፍተው ሰው ምስክርነት ከሾፌሩ ይልቅ ይታመናል።

ከእሳቱም ሌላ የጤና ጉዳት አለ። በቤንዚን ውስጥ የሚገኘው «ቤንዞል» በመባልም የሚታወቀው ንጥረ ነገር ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ካረጋገጣቸው ነገሮች አንዱ ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲተነፍሱት የሚውሉ ሰዎች ራስ ምታትና ማዞር ይሰማቸዋል፤ ሕፃናት ደግሞ ፈጥነው ይጎዳሉ።

የሽታው ሰዓት

የሠለጠነ መካኒክ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል። «ጌታዬ፣ ሽታው የሚሰማዎ መቼ ነው? ሲነሣ ነው፣ ሲሄድ ነው፣ ወይስ ከቆመ በኋላ?» ባለቤቱ «ሁል ጊዜ ይሸታል» ብሎ ቢመልስለትም በትዕግሥት ደግሞ ይጠይቀዋል፤ ሁል ጊዜ የሚሸት መኪና ጥቂት ነውና። የበሽታው ስም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከሽታው ሰዓት ነው።

ሽታው ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥፋቱ ከኋላ፣ ከሰርባቶዮው የላይኛ ክፍል ነው። በመጀመሪያ የመክደኛው ጎማ ይታያል፤ በሙቀት ደርቆ ከተሰነጠቀ መክደኛው ይለወጣል። ቀጥሎ ከመቅጃው አፍ ወደ ሰርባቶዮው የሚወርደው ወፍራም ጎማና ፋሸታዎቹ ይመረመራሉ። በብዙ መኪኖች ደግሞ የቤንዚኑ ፖምፓ በሰርባቶዮው ውስጥ ተቀምጦ ክዳኑ ከኋላ መቀመጫ ሥር ይገኛል፤ የዚህ ክዳን ጓርኒሲዮን ከተበላሸ ሰርባቶዮው ሲሞላ ይሸታል፣ ሲጎድል ይተዋል። እዚህ ላይ የቀጂውም ጥፋት አለበት። ሱዳናውያን ጡልምባ በሚሉት የቤንዚን ማደያ፣ ማሽኑ ራሱ ካቆመ በኋላ ሒሳቡን ለማሞላት ደጋግሞ መጨመር የተለመደ ነው። ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ከመቶው 2 እጅ ያህል ይሰፋል፤ 40 ሊትር የነበረው ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል ማለት ነው። ቦታ ካላገኘ መውጫ ይፈልጋል።

ይህን ተን ለመያዝ በአዳዲስ መኪኖች ውስጥ ከሰል የተሞላ ጣሳ ተሠርቷል። ከሰሉ ተኑን ይጠጣዋል፤ ሞቶሩ ሲሠራ ደግሞ መልሶ ስቦ ያቃጥለዋል። በአሜሪካ ይህ መሣሪያ በመላው አገር ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል መኪኖች ላይ ነው። ሰርባቶዮው ከልክ በላይ ሲሞላ ግን ፈሳሹ ራሱ ወደ ጣሳው ይገባና ከሰሉን ያበላሸዋል፤ ያን ጊዜ መኪናው ቆሞ በፀሓይ ሲውል ይሸታል። መድኃኒቱ ጣሳውንና የሚከፍት የሚዘጋውን ቧንቧ መለወጥ፣ ከዚያም ማሽኑ ሲያቆም መቅዳትን ማቆም ነው።

ሽታው ጧት ሲነሣ ብቅ ብሎ ሞቶሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጎማዎቹና ቀለበቶቹ በብርድ ተኮማትረው ቤንዚን ያሳልፋሉ ማለት ነው። ሲሞቁ ስለሚሰፉ ራሳቸው ይዘጋሉ። ይህ በካርቱም በታኅሣሥና በጥር ጧት የሚታይ ነው። ሽታው ጠፋ ተብሎ ሊተው አይገባም፤ ዛሬ በብርድ የሚያንጠባጥብ ቀለበት ነገ በሙቀትም ያንጠባጥባልና።

ሽታው የሚመጣው ሞቶሩ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ከሆነ ነገሩ አስጊ ነው። ካርቡራቶር ባላቸው የቀድሞ መኪኖች ፖምፓው ቤንዚኑን የሚገፋው ከአንድ የአየር ግፊት ሩብ ያህል በሆነ ኀይል ነው፤ ኢንጄክሽን ባላቸው ግን ግፊቱ ብዙውን ጊዜ 3 የአየር ግፊት ያህል ይሆናል። በቀድሞው መኪና ጠብታ የሚያወጣው ቀዳዳ በአዲሱ መኪና እንደ ጉም የሚረጭ ይሆናል፤ የሚረጨውም በጋለው ሞቶር ላይ ነው። እንዲህ ያለ መኪና አይነዳም፤ ጋራዡ ወደ እርሱ ይመጣል ወይም ተጎትቶ ይሄዳል። አዲስ መኪናም ከዚህ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የፎርድ ኩባንያ የቤንዚን መርጫቸው ሊሰነጠቅ ይችላል በማለት ከ600,000 የሚበልጡ መኪኖቹን ለምርመራ ጠርቷል።

ሽታው የሞቀ ሞቶር ከጠፋ በኋላ የሚነሣ ከሆነ፣ ካርቡራቶር ባለው መኪና ውስጥ በገበታው የቀረው ቤንዚን እየፈላ ነው። ሞቶሩ ሲጠፋ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ስለሚቆም፣ በኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ይጨምራል። ጥቂት ሽታ ብቻ ከሆነ የአገሩ ጠባይ ነው፤ ቤንዚኑ በካርቡራቶሩ ጎን ከፈሰሰ ግን የተንሳፋፊው መርፌ አልቋልና ይለወጣል።

በመጨረሻም ሽታው በጉዞ ላይ ከኋላ የሚመጣ፣ ጥቁር ጭስም የሚከተለው ከሆነ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን በማርሚታው እየወጣ ነው። ካንዴላው፣ የአየር ማጣሪያውና አየሩን የሚለኩት መሣሪያዎች ይመረመራሉ፤ የኋላ በር ጎማም ይታያል። ይህ ሽታ ወደ ተሳፋሪው ከደረሰ ሽታ የሌለው መርዘኛ የማርሚታ ጋዝም አብሮ ደርሷል። የሞቶር ዘይት መለኪያው ዘንግ ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ደግሞ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ገብቷል፤ ምክንያቱ ሳይጠገንና ዘይቱ ሳይለወጥ ሞቶሩ መነሣት የለበትም።

ቆላና ደጋ

ከቆላ ወደ ደጋ የሚመላለስ መኪና የራሱ ችግር አለው። ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣ መኪና በ115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ከካርቱም ተነሥቶ በመተማ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄደውም ከ400 ሜትር ካነሰ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል፤ ሞቶሩ ይደክማል፣ ጭሱም ይሸታል። መድኃኒቱ ካርቡራቶሩን እንደ አገሩ ማስተካከል ነው። ኢንጄክሽን ያላቸው መኪኖች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ነገር ግን በሁሉም ዓይነት መኪና የሰርባቶዮው መክደኛ በደጋ ሲከፈት ሊተነፍስ ስለሚችል ቀስ ተብሎ መከፈት አለበት።

የመኪናውም አሠራር ይለያያል። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የታወቀችው ቮልስዋገን ሰርባቶዮዋ ከፊት፣ ሞቶሯ ከኋላ ስለ ሆነ ቤንዚኑ በመኪናዋ ርዝመት ሁሉ ይጓዛል። በመሪው ዙሪያ የሚሸት ከሆነ ከፊት ያሉት የመተንፈሻ ጎማዎች ናቸው፤ ከኋላ የሚሸት ከሆነ በሞቶሩ አጠገብ ያለችው አጭር ጎማ ናት። ይህች ጎማ ዋጋዋ ጥቂት ሲሆን ሳትለወጥ በመቅረቷ የተቃጠለው ቮልስዋገን ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር፤ መጠኑ በመጀመሪያ ከመቶ 5፣ በኋላም ከመቶ 10 ነበር። ኤታኖል ለእርሱ ያልተሠሩትን የቀድሞ ጎማዎች ያብጣል፣ ያደርቃልም። ስለዚህ ጎማ ሲገዛ ለቤንዚን የተሠራና ግፊቱን የሚችል መሆኑን ከላዩ ከተጻፈው ማረጋገጥ ያሻል። የውሃ ጎማ ሲያዩት ይመስላል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን ይለሰልስና ይፈነዳል።

ቆሞ የከረመ መኪና

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ ዐማራት ከአይሮፕላን ማረፊያው ጋር የሚዋሰን በመሆኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የውጊያው ጎረቤት ሆነ። ነዋሪው የቻለውን ይዞ ወጣ፤ ከኢትዮጵያውያንና ከኤርትራውያንም ብዙዎቹ በገላባትና በመተማ በኩል ተሻገሩ። ብዙ መኪና ተዘረፈ፤ የተረፈውም በአቧራ ተሸፍኖ ቀረ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር የከተማውን መካከልና አይሮፕላን ማረፊያውን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች ያገኙት መኪና ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ሳይነሣ የቆመ ነው።

እንዲህ ያለውን መኪና ባትሪ ገጥሞ ወዲያው ማስነሣት ትልቅ ስሕተት ነው። ቀላሉ የቤንዚን ክፍል ተንኖ የቀረው እንደ ሙጫ ስለሚሆን የካርቡራቶሩ መርፌ ተከፍቶ ይጣበቃል። ጎማዎቹ ደርቀዋል፤ አንዳንዶቹንም አይጥ በልቷቸዋል። በመጀመሪያ መኪናው ተገፍቶ ወደ ገላጣ ቦታ ይወጣል። አሮጌው ቤንዚን ይቀዳና ጎማዎቹና ማጣሪያው ይለወጣሉ። ከዚያም ባትሪው ተገጥሞ ሞቶሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ይከፈታል፤ ኢንጄክሽን ባለው መኪና ፖምፓው ለጥቂት ሴኮንድ ሠርቶ መሥመሩን ስለሚሞላ፣ ሁለተኛ ሰው ከውጭ ሆኖ በባትሪ መብራት መገጣጠሚያዎቹን ያያል። እርጥበት ካልታየ ብቻ ሞቶሩ ይነሣል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ በአጠገብ ይቀመጣል፤ ውሃ አይበጅም፣ ቤንዚን በውሃ ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያስፋፋልና።

ቀዳዳውን ለመፈለግም የካርቱም አቧራ ይረዳል። ቤንዚን በጋለ መሬት ላይ ከፈሰሰ በደቂቃዎች ስለሚጠፋ እንደ ዘይት ጥቁር ምልክት አይተውም፤ በአቧራው ላይ ግን የታጠበ መሥመር ይተዋል። ስለዚህ ምርመራው የሚደረገው ጧት፣ ፀሓይ ሳይበረታ፣ መኪናውም ሳይታጠብ ነው።

ከበሽታው የከፋ መድኃኒት

ጥገናው ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቀዳዳውን በክብሪት ብርሃን የሚፈልግ ሰው ሊያገኘው ይችላል፤ ያገኘበትን ግን ለመናገር አይተርፍም። በገመድ የሚንጠለጠል አምፑልም ወድቆ ሲሰበር እንደ ክብሪት ነው። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ጎማ ከመፈታቱ በፊት የፖምፓው ፊውዝ ተነቅሎ ሞቶሩ እስኪጠፋ ድረስ መሥራት አለበት፤ ያለዚያ በመሥመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ቤንዚኑን በሠራተኛው ፊት ላይ ይረጨዋል።

በሰርባቶዮ ቀዳዳ ላይ ደረቅ ሳሙና ማሸት የቆየ የመንገድ ብልሃት ነው፤ እስከ ጋራዥ ያደርሳል፣ ለወር ግን አይሆንም። የካላማዳሪያ ቍራጭ በጎማ ላይ መጠምጠም ደግሞ ከንቱ ነው፤ ቤንዚን ያብጠዋልና። ከሁሉ የከፋው ያልታጠበ ሰርባቶዮ መበየድ ነው። ብዙ ሰው ባዶው ከሙሉው ያነሰ አደጋ ያለው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በሙሉው ውስጥ አየር የለም፤ በባዶው ውስጥ ተንና አየር ተደባልቀው እሳት ይጠብቃሉ። በመኪናው ውስጥ ሽቶ መርጨትም ጥገና አይደለም፤ ዘበኛውን አፉን መያዝ ነው።

ቤንዚን በጠፋበት ዘመን የሚመጣ ሌላም ሽታ አለ። በ2010 ዓ.ም. እና በኋላም በካርቱም ማደያዎች ሰልፉ በረዘመ ጊዜ፣ ጦርነቱም ሲነሣ፣ ሰዎች ቤንዚን በጀሪካን እየያዙ በቤታቸውና በመኪናቸው ኮፈን ማኖር ግድ ሆነባቸው። በጧት ቅዝቃዜ እስከ አፉ የተሞላ 20 ሊትር ጀሪካን በተዘጋ መኪና ውስጥ 60 ዲግሪ ቢደርስ ከሦስት ሩብ ሊትር በላይ ይሰፋል። የውሃ ፕላስቲክ ይህን አይችልም። ግድ ከሆነ ለቤንዚን በተሠራ ዕቃ፣ ባዶ ቦታ ተትቶለት፣ ሰው ከማይቀመጥበት ክፍል ይጫናል፤ ሲቀዳም ዕቃው በመሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ በመኪናው ውስጥ እንዳለ አይሞላም።

የባለ ንብረቱ ድርሻ

ብዙ መኪና የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤትም ሆነ ነጋዴ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ባለማወቅ ሳይሆን ባለመስማት ነው። ሾፌሩ «ጌቶች፣ መኪናው ይሸታል» ብሎ ሲያመለክት «ሥራ ለመሸሽ ነው» ተብሎ ከተመለሰ ሁለተኛ አይናገርም። ስለዚህ በየመኪናው መዝገብ ላይ ሽታው የተሰማበት ቀን፣ ሰዓትና ሁኔታ ይጻፍ። ጧት ወይም ማታ፣ ከተቀዳ በፊት ወይም በኋላ፣ ከፊት ወይም ከኋላ የሚል አንድ መሥመር መካኒኩን የግማሽ ቀን ፍለጋ ያድነዋል፤ ባለንብረቱንም ካላስፈላጊ ዕቃ ግዢ ያድነዋል። የቤንዚን ጎማዎችም እስኪሰነጠቁ ሳይጠበቁ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጡ፤ በሐሩር አገር ጎማ የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በፀሓይም ነው።

በጉዞ ላይ ሽታው በድንገት የበረታ እንደ ሆነ፣ መኪናው ከሰውና ከቤት ራቅ ብሎ ይቁም፤ ሞቶሩ ይጥፋ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይውረድ። ሲጋራ አይለኰስ፣ ሞቶሩም «እስቲ ልሞክረው» ተብሎ ዳግመኛ አይነሣ። የጠፋው ቀጠሮ በሌላ ቀን ይተካል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር የተነገረው ለጎጆ ቤት ቢሆንም፣ ቤንዚን ለሚሸተው አውቶሞቢል ከዚህ የተሻለ ሕግ አልተገኘም።